«ኪኒኑን ጣሉት» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለሚጥል በሽታ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔም ጋ ደርሷል። የላከችልኝ አክስቴ ናት፤ «አንብቢውና ንገሪኝ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብላ። ጸሐፊው ታናሽ ወንድማቸው በዚህ በሽታ ሲሠቃይ ለዓመታት ያዩ ሰው ናቸው። ደክሟቸዋል። ተናደዋል። ንዴታቸው ይገባኛል፤ ከሚሉት ውስጥም እውነት የሆነ አለ። ጽሑፉ የሚያልቀው ግን «ኪኒኑን ዛሬውኑ ጣሉት፣ ያኔ ነፃ ትወጣላችሁ» በሚል ምክር ነው። ይህ ምክር ሰው ይገድላል። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንደሚሉት ሐኪሞች በመሣሪያ ሳያረጋግጡ «የሚጥል በሽታ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። በሽታው በብዛት የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ነው። ፌኖባርቢታል ያደጉ አገሮች የተዉት፣ ለድሃ የቀረ፣ አእምሮ የሚያደነዝዝ ኪኒን ነው። ስድስት ወር ያልጣለው ሰው ድኗልና ያቁም፤ ካላቆመ ሱሰኛ ይሆናል። ጸበልና ኪኒን አብረው አይሄዱም። ይህ በሽታ ያለባት ሴት ደግሞ ባትወልድ ይሻላል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በአሥራዎቹ ዕድሜዬ ጀምሮኝ እስከ ዛሬ አብሮኝ ያለ፣ በኪኒን ይዤው የምኖር፣ ሥራ የምሠራ፣ ልጅ የወለድኩ ሴት ነኝ። ከዚህ በታች የምለውን የተማርኩት ከሐኪሞቼ፣ ከንባብና ከኑሮዬ ነው። በየተራ ልመልስ።

«መሣሪያው ምንም አላሳየም»

ጸሐፊው ወንድማቸው ኢኢጂ ተነሥቶ ውጤቱ ንጹሕ እንደሆነ፣ ሐኪሙ ግን መድኃኒቱን እንዳላስቆመው ይነግሩናል። «ማስረጃ የሌለው ፍርድ» ይሉታል።

ኢኢጂ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ይመዘግባል። የሚመዘግበው ግን ሰውየው አልጋው ላይ በተኛባት ሃያ ሠላሳ ደቂቃ የሆነውን ብቻ ነው። በወር አንዴ የሚጥለው ሰው በዚያች ሰዓት አንጎሉ ጸጥ ብሎ ሊገኝ ይችላል። «ዛሬ ጠዋት ሰማዩ ጠርቷልና ክረምት አልገባም» እንደማለት ነው። በመጀመሪያው ምርመራ ምልክቱ የሚታየው ግማሽ በሚሆኑት ሕመምተኞች ላይ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ባነሱት። ምርመራው ሲደገምና ሰውየው እንቅልፍ ሳይተኛ አድሮ ሲመጣ የመታየት ዕድሉ ይጨምራል። በሌላ በኩል ጭራሽ የማይጥላቸው ጥቂት ሰዎች ኢኢጂያቸው ላይ ያልተለመደ ምልክት ይገኛል። እነሱን መሣሪያው አሳየ ብሎ መድኃኒት ማስጀመር ስህተት ይሆናል።

ታዲያ ሐኪሙ በምን ያውቃል? ዋናው ታሪኩ ነው። በዚህ በሽታ ላይ የሚሠራው የሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መስፈርት፣ አንድ ሰው ግልጽ ቀስቃሽ ሳይኖር ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቆ ሁለት ጊዜ ከጣለው የሚጥል በሽታ አለበት ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻ ጥሎትም፣ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የመደገም ዕድሉ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ነው ተብሎ ከታመነ ያው ነው። መስፈርቱ ኢኢጂው የግድ ምልክት ያሳይ አይልም።

እኔ የተመረመርኩበት ቀን ትዝ ይለኛል። በጤና ጣቢያ የተሰጠኝን መድኃኒት እየወሰድኩ አሁንም ይጥለኝ ስለነበር ወደ ሆስፒታል ተላክሁ። መጀመሪያ ሹሩባዬ ተፈታ። ቅቤው እስኪለቅ ጸጉሬ በሳሙና ታጠበ፤ ቅባት ካለ ገመዶቹ በደንብ አይይዙም። ከዚያ ጭንቅላቴ ላይ በሚያጣብቅ ነገር እየለጠፉ ደረደሯቸው። «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ክፈቺ፣ በኃይል ተንፍሺ» ተባልኩ። ውጤቱ ምንም አላሳየም። ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገና ወደ እናቴ ዞረ። «እናት፣ ሲጀምራት እንዴት ነው? ያዩትን ሁሉ ይንገሩኝ» አላት። እናቴ በአፍ መናገሩ አልሆንልሽ ሲላት ብድግ አለች። ጭንቅላቷን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ አዞረች። ግራ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿን ጨበጠች። «እንዲህ ትልና ዓይኗ ይፈጣል፤ ከዚያ ነው የምትወድቀው።»

«ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

ሐኪሙ ይህን ጻፈ። የእኔ ሕመም ከአንጎሌ በአንዱ ጎን ተነሥቶ ወደ ሌላው የሚዛመት ዓይነት እንደሆነ የተረዳው ከእናቴ ነው። መድኃኒቴም የተቀየረው በዚያ ምክንያት ነው። የጸሐፊው ወንድም ሐኪምም ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ይሆናል። ጽሑፉ ውስጥ ግን ሐኪሙ ምን እንደጠየቀ፣ ቤተሰቡ ምን እንደመለሰ አንድም ቃል የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው። ሳይኖርባቸው «አለባችሁ» የተባሉ ሰዎች አሉ። በጾም ባዶ ሆዱን ቅዳሴ ላይ ቆሞ የወደቀ ወጣት ሁሉ የሚጥል በሽታ የለበትም። ራስን መሳት ብዙውን ጊዜ በማዞር፣ በላብና ዓይን በመጨለም ይጀምራል፤ ፊት ይገረጣል፤ ሰውየው መሬት ከነካ በኋላ ቶሎ ይነቃል። ለጥቂት ሰከንድ እጅ እግሩ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ራስን መሳት ሊሆን ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን ሲነቃ ግራ ይጋባል፣ ያለበትን አያውቅም፣ ሰውነቱ የተቀጠቀጠ ያህል ያመዋል፤ ምላሱን በጎን በኩል ነክሶ ሊገኝ ይችላል። ከከባድ የስሜት ጫና የሚመጣ፣ ቁርጥ የሚጥል በሽታ የሚመስል ሌላ ሕመምም አለ። የውሸት አይደለም፤ ሕክምናው ግን ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ለመለየት ጊዜ ወስዶ የሚጠይቅ ባለሙያ ይፈልጋል። በአገራችን ደግሞ የነርቭ ሐኪም እጥረት የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አብዛኞቻችንን የሚያክሙን ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ጠቅላላ ሐኪሞች ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ የሚሠሩት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው።

ለዚህ ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው ትልቅ ነገር በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ነው። መጀመሪያ ሰውየውን ከአደጋ አርቁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይቅረጽ። ፊቱ፣ ዓይኑ፣ ሁለቱ እጆቹ ይታዩ። ከየትኛው ጎን እንደጀመረና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይታወቅ። ብዙ ገንዘብ አውጥታችሁ ኤምአርአይ የሚባለውን የአንጎል ምስል ከመነሣታችሁ በፊት ያንን ቪዲዮ ለሐኪሙ አሳዩት።

መምህራን ካላችሁ ደግሞ ይህችን አስታውሱልኝ። ሁሉም ዓይነት አይጥልም። በትምህርት መሃል ለአሥር ሰከንድ ያህል ፈዞ፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ጽሕፈቱን የሚቀጥል ሕፃን አለ። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ሊመላለስበት ይችላል። «ልቡ እዚህ የለም» ተብሎ ይቀጣል። እሱም መታየት ያለበት ልጅ ነው።

«ከጥሬ ሥጋ ነው የሚመጣው»

ይህ አጭር መልስ ይበቃዋል። ቁርጥ በልተን የሚይዘን ኮሶ የከብት ትል ነው፤ አንጀት ውስጥ ይኖራል፣ ወደ አንጎል አይወጣም። አንጎል ውስጥ ገብቶ የሚጥል በሽታ የሚያመጣው የአሳማው ትል እንቁላል ነው። አሳማ በብዛት በሚረባባቸውና መጸዳጃ ባልተሟላባቸው የአፍሪካ፣ የላቲን አሜሪካና የእስያ አካባቢዎች ትልቅ ችግር ነው። እኛ ዘንድ ይበልጥ ማሰብ ያለብን ሌላ ነው። በወሊድ ጊዜ የታፈነ ሕፃን፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል የደረሰ ወባ፣ የመኪና አደጋ፣ በስተርጅና ደግሞ ስትሮክ። ግማሽ በሚሆኑት ሕመምተኞች ላይ ደግሞ መነሻው ጨርሶ አይታወቅም። የኔም እንደዚያው ነው።

«ፌኖባርቢታል ለድሃ የተተወ ኪኒን ነው»

ፌኖባርቢታል አሮጌ መሆኑ እውነት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን ሕመምተኞቹን ለማስተኛት ሲሰጣቸው የሚጥላቸው እየቀነሰ መሄዱን አየና እ.ኤ.አ. በ1912 ይፋ አደረገው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ማርጀቱ ግን የማይሠራ አያደርገውም። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ተርታ አስቀምጦታል። በገጠር ቻይና ከ2,400 በላይ ሕመምተኞች በዚሁ ኪኒን በተራ የገጠር የጤና ባለሙያዎች ሲታከሙ፣ አንድ ዓመት ከተከታተሉት ውስጥ ከሦስት ሁለቱ የሚጥላቸው ቢያንስ በግማሽ ቀንሶላቸዋል። አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጭራሽ አልጣላቸውም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የቡታጅራውን ጥናት ማንሣት አለብኝ። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ 60 ሺህ ያህል ሕዝብ ጠየቁ። 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች አገኙ፤ ከሺህ ሰው አምስት መሆኑ ነው። ከነዚያ ውስጥ ትክክለኛውን መድኃኒት የሚወስዱት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ316 ሰው አምስት ሰው! የቀሩት በጸበል፣ በሥራ ሥርና በክታብ ነበር የሚኖሩት። ያኔም ኪኒኑ በዓለም ላይ ነበረ፣ ርካሽም ነበረ። እነዚያ ሰዎች የተጎዱት ኪኒኑ ስላልደረሳቸው ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቱን በተመለከተ ግን ጸሐፊውን አልቃወማቸውም። እኔም ፌኖባርቢታል ስወስድ ክፍል ውስጥ ራሴን ደፍቼ እተኛ ነበር። መምህሬ ሰነፍ መሰልኩት። እንቅልፍ እንደሚያመጣ ለእኔም ለእናቴም የነገረን ሰው አልነበረም። ሕፃናት ላይ ደግሞ በተቃራኒው ሊያቅበጠብጣቸውና ሊያስቆጣቸው ይችላል። ይህን አስቀድሞ አለመናገር በደል ነው። መፍትሔው ግን ኪኒኑን መጣል ሳይሆን ተመልሶ ለሐኪሙ መንገር ነው። መጠኑ ይስተካከላል፣ ወይም ይቀየራል። እኔ ወደ ካርባማዜፒን ተዛወርኩ፤ አንዱ ቀስ እያለ ሲጨመር ሌላው ቀስ እያለ እየተቀነሰ። እንቅልፉ ለቀቀኝ።

«አዲሱ ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለውም ልክ አይደለም። ለእኔ የተስማማኝ ካርባማዜፒን ያንን ቁጭ ብሎ የሚፈዝ ሕፃን ሊያባብስበት ይችላል። ሊቬቲራሴታም አዲስና ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አንዳንዱን ሰው ግን ነጭናጫና ድብርታም ያደርገዋል። ፌኒቶይን ድድ ያሳብጣል። ቫልፕሮት ያወፍራል፣ ጸጉር ያሳሳል፤ ሌላም ነገር አለው፣ እመለስበታለሁ። ሁለት በትክክል የተመረጡ መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተወስደው ካልያዙት ያኔ ሕመሙ መድኃኒት የማይበግረው ዓይነት ነው ይባላል። ከሦስት ሕመምተኛ አንዱ ገደማ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። የጸሐፊው ወንድም ከነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ወደ ነርቭ ሐኪም መላክ ይገባዋል፤ መብቱ ነው።

«ስድስት ወር ካልጣለህ ድነሃል»

ብዙ ልቆይበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ፌኖባርቢታል ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ያለው መጠን ወደ ግማሽ ለመውረድ ሦስት አራት ቀን ይፈጅበታል። አንድ ሰው ዛሬ ቢያቆም ነገ ምንም አይሆንም። ከነገ ወዲያም። እንዲያውም እንቅልፉ ስለሚቀንስለት ነቃ ይላል፣ ፊቱ ይፈካል፣ ቤተሰብ «ይኸው ዳነ!» ይላል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን ይጥለዋል። ያኔ ማንም ኪኒኑን ከማቆሙ ጋር አያያይዘውም። ጸሐፊው «ወንድሜ ባቆመ በሳምንቱ ሌላ ሰው ሆነ» ብለው የጻፉት ሳምንት ይህ ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አልጻፉም። እውነት ለመናገር ልጁ አሳስቦኛል።

በድንገት ማቆም አንዴ ጥሎ በመልቀቅ ላይበቃው ይችላል። አንዱ ሳይለቅ ሌላው እየተከተለ፣ ሰውየው በመሃል ሳይነቃ ሊቀጥል ይችላል። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ድንገተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ነው። አንጎል ይጎዳል፣ ሕይወት ያልፋል። «አቁሙ» የሚለው ቃል እንዴት እንዲህ በቀላሉ ይጻፋል?

መድኃኒት ለዘላለም ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው ያቆማል። በተለምዶ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥለው የቆየ ሰው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራል። የበሽታው ዓይነት፣ ኢኢጂው፣ ሥራው ሁሉ ይታያል። ሹፌርና የቢሮ ሠራተኛ እኩል አይታዩም። ከዚያ በወራት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል። እንዲህም ተደርጎ የሚመለስበት ሰው አለ። ስድስት ወር የሚለውን ቁጥር ጸሐፊው ከየት እንዳገኙት አልገለጹም።

«ሱስ» የሚለውን ቃልም አልቀበለውም። ሱሰኛ መጠኑን እየጨመረ ይሄዳል፣ ለማግኘት ሲል ኑሮውን ያፈርሳል። እኔ ለዓመታት ያንኑ መጠን ነው የምወስደው። ሰውነቴ ለምዶታል፤ ስለዚህ በድንገት ሊነጠቅ አይገባም። የስኳርና የደም ግፊት ኪኒን የሚወስድን ሰው ማን ሱሰኛ ይለዋል?

ጸሐፊው ያላነሡት ትልቅ ነገር አለ። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ወዶ አይደለም። ሲጠፋበት ነው። እኛ ከተማ ያለችውን ፋርማሲ መስኮት አውቀዋለሁ። የማዘዣ ወረቀትሽን ትሰጫለሽ። ባለሙያዋ ወደ መደርደሪያው ዘወር ሳትል ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። «አልገባም። ሰኞ ሞክሪ።» አንድ ጊዜ ከጎኔ ከገጠር የመጡ አባት ነበሩ። ለልጃቸው ነው የመጡት። የባዶውን ኪኒን ልጣጭ በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው «ይቺው ናት፣ ይቺን የመሰለች» እያሉ ያሳያሉ። ሰኞ ስትባል ለሳቸው ሌላ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ሌላ የሥራ ቀን ናት። እንደዚህ ያሉትን አባት «መድኃኒት በአግባቡ አይሰጡም» ብሎ መውቀስ ይከብዳል።

መጥፋቱ ምክንያት አለው። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ከአገር ወደ አገር ሲገባ ተጨማሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ዋጋው ደግሞ እጅግ ርካሽ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት እስከ 5 ዶላር ሊወርድ ይችላል ይላል። ርካሽ ነገር ለአስመጪ ብዙ አያተርፍም። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ሲጨመርበት መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ጸሐፊው ያንን ሁሉ ብርቱ ቁጣ ወደዚህ ቢያዞሩት ከጎናቸው እቆም ነበር።

እስከዚያው እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሐኪሜን ለሁለት ለሦስት ወር እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። ኪኒኔ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው ፍለጋ የምጀምረው፤ ባለቀ ቀን አይደለም። ከጠፋ ወደ ሐኪም ሄጄ በምን እንደሚተካ እጠይቃለሁ እንጂ ከጎረቤት አልበደርም። ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ እህቶች ደግሞ፣ ይህ ኪኒን ቁጥጥር ያለበት ስለሆነ የሐኪም ማዘዣና ደብዳቤ ሳትይዙ፣ የምትሄዱበትን አገር ሕግ ሳትጠይቁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። መከልከሉን ፈርታችሁም ጥላችሁት አትሂዱ።

«ጸበልና ኪኒን አብረው አይሄዱም»

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ጸበል እጠመቃለሁ። ኪኒኔንም እወስዳለሁ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የጸረ ኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበልን በተመለከተ ሁለቱም ከእግዚአብሔር እንደሆኑ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በአደባባይ ተናግረዋል። ያኔ ስንት ሰው መድኃኒቱን ጥሎ እየሞተ ነበር። ያ ትምህርት ለእኛም ይሠራል።

ከላይ ያልኩትን የሁለት ሳምንት ነገር እዚህ ላይ ጨምሩበት። ሰውየው ኪኒኑን ትቶ ጸበል ይገባል። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ይሆናል። ሁሉም ያመሰግናል። ከዚያ ሲጥለው «እምነት ጎድሎት ነው» ይባላል። ከሕመሙ ሌላ ይህን ጥፋተኝነት ይሸከማል። ይህ ያሳዝነኛል።

ጾምም ኪኒን አያስቆምም። ፌኖባርቢታል በአብዛኛው በቀን አንዴ፣ ማታ ከመኝታ በፊት ነው የሚወሰደው። የዐቢይ ጾም ጿሚም፣ ረመዳን የሚጾም ወንድሜም ሳይቸገር ይወስደዋል። ጠዋትና ማታ የሚወሰድ መድኃኒት ያላችሁ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን ሰዓቱን እንዲያስተካክልላችሁ ጠይቁ። እንቅልፍ ማጣት ራሱ እንደሚያስነሣብን ግን አትርሱ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለማደር ለምትነሡ ይህን መናገር ግዴታዬ ነው።

ጸበል ቦታ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። የሚጥለው ሰው በጥልቀት የማያስፈራ ውኃ ውስጥም ሊሰጥም ይችላል። ሲጥለው የምታዩ ሰዎች ደግሞ ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱት። ምንም አይጠቅመውም፣ ፊቱን ሊያቃጥለው ይችላል። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ። እጅና እግሩን አትጭኑት። ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ተመልከቱ። ለሃጩ አይተላለፍም። እሳት ላይ ወድቆ «ይይዘኛል» ብለው ሳያነሡት የተቃጠለ ሰው ጠባሳ አይቻለሁ። ያ ጠባሳ ከበሽታው የመጣ አይደለም።

«ባትወልድ ይሻላል»

የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሴቶች የሚበዙት ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ። እኔ ወልጃለሁ። ጸሐፊው ይህን አንድ መስመር ሲጽፉ ስንት ወጣት ሴት አንብባው እጮኛዋን ልትተው እንደምትችል ያሰቡት አይመስለኝም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አለ፤ እሱን ቢጽፉልን ደግ ነበር። ቫልፕሮትን በእርግዝና ወቅት የወሰዱ እናቶች ከሚወልዷቸው አሥር ሕፃናት አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ሊኖርበት ይችላል፤ ከአሥር ሦስት አራቱ ደግሞ በአእምሮ እድገታቸው ሊቸገሩ ይችላሉ። ስለዚህ መውለድ የምትችል ሴት ሌላ አማራጭ እያለ ይህን መድኃኒት ባትጀምር ነው የሚመረጠው። እየወሰድሽ ከሆነ ግን በራስሽ አታቁሚ። ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪና ይቀየርልሽ። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚንም ከእርግዝና በፊት ይጀመራል።

ሌላው ማንም የማይነግረን ነገር የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የእንክብሉንም፣ በክንድ ውስጥ የሚቀበረውንም ኃይል ያዳክማሉ። ክንዷ ላይ አስቀብራ ተማምና ያረገዘች ሴት ጥፋተኛ አይደለችም። በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌና ሉፕ ግን በነዚህ መድኃኒቶች አይነኩም። ለቤተሰብ ምጣኔ ስትሄጂ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንደምትወስጂ ተናገሪ። ባለሙያዋ ካልጠየቀችሽም አንቺ ጀምሪ።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፉን አጥፉት አልልም። የጎንዮሽ ጉዳት አይነገረንም ያሉት፣ ለምርመራ ያሳለፉት እንግልት፣ ወንድምዎ ከሥራ የተባረረበት ታሪክ ይቆይ፤ ሰው ያንብበው። «ዛሬውኑ ጣሉት» የሚለውን አንቀጽ ግን ያውጡት። በቦታውም «ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፣ በድንገት ማቆም ይገድላል» ብለው ይጻፉና ጽሑፉን ለላኩላቸው ሰዎች ሁሉ ደግመው ይላኩት። ወንድምዎንም ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። አንብባችሁት ኪኒናችሁን ያቆማችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ደህና ብትሆኑም ነገ ጠዋት ወደምትታከሙበት ሂዱ። ያመለጣችሁን አካክሳችሁ በአንድ ጊዜ አትዋጡ። መቼ እንዳቆማችሁ ሳትደብቁ ንገሯቸውና በምን ያህል እንደምትጀምሩ እነሱ ይወስኑ።